የሻማው አረፋ ከየት መጣ?

ቤት ውስጥ የሠራችሁትን ሻማ ከቅርጽ ማውጫው ስታወጡት ተበሳስቶ ካገኛችሁት አትጣሉት። መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንዳለ ተመልከቱ፤ ቦታው ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰቆጣ ነው። ዋግ ኽምራ በነጭ ማሩ ይታወቃል፤ ሰሙን የሚያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። ማሩ ተጨምቆ ወይም ጠጁ ተጣርቶ የሚቀረው ሰፈፍ በውሃ ተቀቅሎ ሲጠራ ሰም ይወጣዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍም ከዚሁ ነው። ንቦች አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ብዙ ኪሎ ማር ይበላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰም ሲባክን ያስቆጫል። በዚያ ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ ሻማ ነበልባሉ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ጎኑ ተሰብሮ የቀለጠው ሰም ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። መብራት በጠፋበት ምሽት ልጆች አጠገቡ ተቀምጠው ሲያጠኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አረፋው ክሩን ተከትሎ ከተደረደረ ጥፋቱ የክሩ ነው። የጥጥ ክር ውስጡ አየር ይይዛል፤ ትኩስ ሰም ሲነካው አየሩን ይለቃል። ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ክሩን ሰም ውስጥ እየደጋገሙ ስለሚነክሩት ይህ አይገጥማቸውም። እናንተም ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ክሩን በቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አድርቁት። በእኔ እይታ አብዛኛው ችግር እዚሁ ላይ ያልቃል።

ጎኑ ብቻ ከተቦረቦረ ደግሞ ቅርጽ ማውጫው ቀዝቅዞ ነበር፣ ወይም ሰሙ ከከፍታ ተንደቅድቆ ወርዷል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ጠዋት ዕቃን በረዶ ያስመስለዋል፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ አሙቁት። ስትቀዱ ቢራ እንደሚቀዳበት ብርጭቆ አዘንብሉትና በጎኑ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከዚያ ጎኑን በማንኪያ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት።

ሻማው ሁለመናው በጥቃቅን ነጥብ ከተሞላና ሲበራ ጠስ ጠስ ካለ ሰሙ ውስጥ ውሃ ቀርቷል። ከሰፈፍ በወጣ ሰም ይህ የተለመደ ነው። ድስት ውስጥ ውሃ ጥዳችሁ ሰሙን በጣሳ አድርጋችሁ መሐሉ አስቀምጡት። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ አዲስ አበባም እንደዚሁ። ያም ቢሆን ሰሙን ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ አፍጥኖ ለመጨረስ ብላችሁ ጣሳውን እሳት ላይ አትጣዱት፤ ሰሙ ይጠቁራል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ከተቀጣጠለ በክዳን አፍኑት እንጂ ውሃ በፍጹም አታፍሱበት። የቀለጠው ሰም ረግቶ ውሃውና ቆሻሻው ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩ ቅዱ። ቴርሞሜትር ካላችሁ 70 እና 75 ዲግሪ መካከል ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁ የጣሳው ጠርዝ ላይ ስስ ቆዳ መያዝ ሲጀምር አፍስሱ።

ክሩ ሥር ያለው ትልቅ ጉድጓድ ግን ከአረፋ አይቆጠርም። ሰም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ላዩ ሲረጋ በክሩ ዙሪያ በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጉትና ያስቀራችሁትን ሰም አሙቃችሁ ሙሉት፤ ከመጀመሪያው ልክ ግን አታሳልፉት፣ ካለፈ በጎኑ ይሰርጋል።

የእኔ ሙያ ገበያ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ጉድለትን «የእጅ ሥራ ውበት» ብሎ መሸጥ የተለመደ ሆኗል። ላዩ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ምንም አይደለችም፤ ውስጡ ባዶ የሆነውን ግን ለማንም አትሽጡ፣ በስጦታም አትስጡ። ሰብራችሁ አሮጌውን ክር አውጡና እንደገና አቅልጡት። አዲሶቹን አንድ ቀን አሳድራችሁ ከመካከላቸው አንዱን ሰሃን ላይ አብሩት፤ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ሆናችሁ አነዳዱን እዩት።