ቦርሳ የሚፈትሽ ሀገር፣ መዝገብ የሌለው ዕቃ ቤት

እጅ ወደ ላይ! ዞር በሉ! ቦርሳ ይከፈት! ኪስ ውስጥ ያለው ይውጣ!

ውድ አንባቢያን፣ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ፣ ሆቴል፣ ሲኒማ ቤት ወይም ክፍለ ከተማ ስንገባ የሚደረግልን የዘወትር አቀባበል ነው። ሜካፓችን፣ ቻርጀራችንና የምሳ ዕቃችን በየበሩ ተፈትሾ አልቋል። መታወቂያችን በር ላይ ቀርቶ በባጅ ተለውጦልናል። እኛም ለምደነዋል፤ ሳንጠየቅ እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን።

መፈተሻችን አላናደደንም። ክፉ ዘመን ነው፣ ይፈተሽ። የሚያናድደን ሌላ ነገር ነው። በዚህች ሀገር «ድርጅታችሁን ከአደጋ እንዴት ትጠብቃላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ መልሱ አንድ መሆኑ ነው፤ «ዘበኛ አለን።» ትንሽ ዘመናዊ ከሆነ ደግሞ «ካሜራም አስገጥመናል» ይላል። በቃ! አደጋ ማለት በበር የሚገባ፣ ፊቱን ያጠቆረ፣ የማናውቀው ሰው ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ ይህ አስተሳሰብ ራሱ ከሌባው የባሰ አደጋ ነው።

በሩ ተጠብቆ ያደረ ባንክ

ሩቅ ሳንሄድ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊቱን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሮች ተቆልፈው፣ ጥበቃዎቹም በየቦታቸው እንዳሉ ገንዘቡ ወጥቶ ሄደ። መሣሪያ የደገነ አልነበረም፤ የተሰበረ ቁልፍም አልነበረም። በሲስተሙ ላይ በተፈጠረ ብልሽት ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰማና ተማሪው በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ ራሱ በኋላ እንዳስታወቀው ጉዳዩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ የሚነካ ነበር። ብሔራዊ ባንክም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተናገረ። ማንም አልወረረንም፤ አደጋው የመጣው ከገዛ ቤታችን ነው።

የታሪኩ ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ባንኩ ከወጣው ገንዘብ አብዛኛውን አስመለሰ። እንዴት? ያስመለሰለት በር ላይ የቆመው ሰው አይደለም። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሒሳብ፣ ስንት ብር እንደወሰደ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ስማቸው ወጣ፣ ተጠሩ፣ መለሱ። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያ ገንዘብ እንደወጣ በቀረ ነበር።

ይህን ነጥብ ያዙልንና ወደ ጎጃም እንሻገር።

መርጡለ ማርያም

ከቢቸናና ከሞጣ አገር፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ውስጥ ያለችውን መርጡለ ማርያምን ለማስተዋወቅ አንነሳም፤ የምትታወቅ ናት። ትውፊቱ ምሥረታዋን ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። በድንጋይ ቅርጽ ያጌጠውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። ሥራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጠለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ ሊገነቡ ሞከሩ። እነሱም ሄዱ፤ ፍርስራሹ ግን ዛሬም በግቢው ውስጥ ቆሞ ይታያል።

እንግዲህ ተቋም ማለት ይህ ነው። እሳት ያየ፣ ጦር ያየ፣ ባለቤት ነኝ ባይ ሲፈራረቅበት ያየ፣ ግን ያልጠፋ ተቋም። የሀገራችን ትልልቅ ኩባንያዎች አብዛኞቹ መቶ ዓመት አልሞላቸውም። ስለ ተቋም ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ዱባይ ድረስ ከሚሄድ እዚህ ቢመጣ ይማራል። ደግሞም ይሰጋል።

ለምን ይሰጋል? መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ የብራና መጽሐፉ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። በብዙ የገጠር አድባራት የሚጠብቀው አንድ ዱላ የያዙ አባት ናቸው፤ ደመወዛቸውም ከጽድቁ ጋር ተደምሮ የሚታሰብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ውጊያ ምሥራቅ ጎጃምም አልተረፈም። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲቀር የቅርስ ነጋዴ ገበያው ይደራለታል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናት የተዘረፉ ናቸው የተባሉ ብራናዎች በኢንተርኔት ለሽያጭ መቅረባቸው የተዘገበው ትናንት ነው።

መርጡለ ማርያም ተዘረፈች እያልን አይደለም። ጥያቄያችን ለገዳማትና ለአድባራት ሁሉ ነው፤ ነገ አንድ መስቀል ቢጠፋ «የጠፋው ይኸኛው ነው» ብለው በፎቶ፣ በልኩና በክብደቱ ማሳየት የሚችሉ ስንቶቹ ናቸው?

የሆነውን እናውቃለን

በ1989 ዓ.ም. የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጠፋ። ቤልጅግ ድረስ ተሻግሮ፣ ተሽጦ፣ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ተመስገን ነው። ግን አፍሮ አይገባ ዓለም የሚያውቀው፣ ስንት ጊዜ ፎቶ የተነሳ መስቀል ነበር። ፎቶ ተነስቶ የማያውቀው የመንደር መስቀልስ በምን ይታወቃል?

የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ደግሞ እንውሰድ። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውድ ነው። ሮተርዳም የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው በ1990 ዓ.ም. ግድም ቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኙት። አስቀሩት። ለ21 ዓመታትም ደብቀው አቆዩት። ለምን? ለባለሥልጣን ቢሰጡት ተመልሶ ይጠፋል ብለው ስለሰጉ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሀገሩ ገባ። በጭብጨባ ተቀበልነው፤ ያፈረ ግን አልነበረም። አንድ ስደተኛ ከሀገሩ ተቋማት ይልቅ የገዛ ቤቱን ማመኑ ከዘውዱ መመለስ እኩል ዜና መሆን ነበረበት።

ጋዜጠኝነት ስንማር አንደኛ ዓመት ላይ ያስጠኑን ጥያቄዎች ነበሩ፤ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? የቅርስ መዝገብም ከዚህ አይበልጥም። ምንድን ነው? የት ተቀምጧል? መቼ ገባ? ማን ሰጠው? በማን እጅ ነው? ይህን ለመጻፍ አንድ ደብተር፣ አንድ ሜትርና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ካዘዘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢንተርፖል በ2013 ዓ.ም. የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎችን በስልክ መፈለጊያ አዘጋጅቷል። ግን ኢንተርፖል ምን ያድርግ? «አንድ የብር መስቀል ጠፋብን» ብሎ የሚያመለክትን ሰው ማንም ፖሊስ ሊረዳው አይችልም።

«መዝግበን ለሌባ እናሳይ?»

ይህን ስንል የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ልጆች፣ አባቶቻችን ቅርሱን ያቆዩት በመሰወር ነው። መዝገብ ማለት ለሌባ ዝርዝር መስጠት ነው።» መልሱ የዋዛ አይደለም። ከግራኝ ዘመን የተረፈው የተረፈው በመሰወር ነው። መዝገብ ያዥ የሆነውን ባለሥልጣን አለማመንም የአቶ ሲራክ ታሪክ እንደሚያሳየው ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ነገር ግን ምስጢር የሚያድነው ከማያውቅ ሰው ነው። ከሚያውቅ ሰው አያድንም። ቁልፍ የያዘ፣ ዕቃ ቤቱን የሚያውቅ፣ የትኛው ሣጥን በየትኛው ጥግ እንዳለ በቃሉ የሚናገር ሰው አደራ ከበላ ምስጢሩ ለሱ ምሽግ ነው። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ አልነበረም ይባላል። ስለዚህ መዝገቡ አደባባይ ይለጠፍ አላልንም። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በገዳሙ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን እጅ ታሽጎ ይቀመጥ። አንዱ ቢሰርዝ ሁለቱ ይመሰክሩበታል። ቁልፉም ለብቻ አይያዝ። አስተዳዳሪ ሲቀየር ርክክቡ በቆጠራ ይሁን።

ጠባቂውን ማን ይጠብቀው?

አንድ የቀረ ነገር አለ። ድርጅቶቻችን ዘበኛ መቅጠር ትተው ከኤጀንሲ መከራየት ጀምረዋል። ድርጅቱ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ድርሻውን ያነሳል፣ የተረፈው ሌሊቱን በብርድ ላደረው ሰው ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8 አድርጎታል፤ ለሌሊት ትርፍ ሰዓትም የመደበኛውን 1.75 እጥፍ ክፍያ ደንግጓል። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋምም ጽፏል። 12 ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሚያድረውን የሰፈራችሁን ጥበቃ ስለዚህ ሕግ ጠይቁትና መልሱን ስሙ።

ሚሊዮኖች የሚገላበጡበትን ሕንፃ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ላቃተው ሰው አደራ ሰጥቶ መተኛት ጥበቃ አይባልም። በዱላ ቅርስ የሚጠብቁትን አባት ያለ ቀለብ ትቶ «በረከት ነው» ማለትም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች እስካሁን ስላልከዱን ልናመሰግናቸው ይገባል፤ ምስጋናው ግን በፔሮል ላይ ይታይ።

የምንለው ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ ቦርሳችንን ፈትሹ፤ ከዚያ ግን የራሳችሁን ሲስተም፣ የራሳችሁን ሒሳብ፣ የራሳችሁን ቁልፍ ያዥ ፈትሹ። የገዳማት አስተዳዳሪዎች፣ አባቶቻችን፣ ዘንድሮ ቆጠራ ይጀመር። ጠመንጃ የያዛችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ሁኑ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ግቢ ራቁ። እኛ ወጣቶችም ስልካችን ካሜራ አለው፤ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ከፈቀደልን አንድ ቅዳሜ በቂ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ቸር እንሰንብት።