አንቴና ስለረዘመ ብቻ ሬዲዮ አይሰማም

በእኛ በማጀቴ ሬዲዮ አልሰማ ሲል መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሽቦ መቀጠል። ሽቦው አንቴናው ላይ ይጠመጠምና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አሁንም እንቢ ካለ ሌላ ይጨመራል። «በረዘመ ቁጥር ይስባል» ይባላል። ነገሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

አንቴና ከሚቀበለው ሞገድ ጋር መመጣጠን አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 300ን ለጣቢያው ሜጋ ኸርዝ ማካፈል። ኤፍ ኤም 100 ላይ ሞገዱ 3 ሜትር ይሆናል፤ ተመዛዡ አንቴና የሚፈልገው የዚህን ሩብ፣ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የስልክ ኤፍ ኤም ያለ ማዳመጫ ገመድ አልሠራም የሚለውም ገመዱ አንቴናው ስለሆነ ነው። ኤፍ ኤምን ተራራ ይጋርደዋል፤ ስለዚህ እንደ እኛ ከተራራ ሥር ላለ ሰው የሚሻለው አንቴናውን ማስረዘም ሳይሆን ከፍታ ቦታ ላይ ማድረግ ነው።

አጭር ሞገድ ላይ ግን ሽቦው በእርግጥ ይጠቅማል። 31 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ባንድ ሩቡ 8 ሜትር ያህል ነውና።

መካከለኛ ሞገድስ? የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት ሲሰራጭበት የኖረው 873 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 344 ሜትር ገደማ ነው። ለማሰራጫው ሩቡ 86 ሜትር ምሰሶ ማለት ነው፤ ምሰሶው በጣም ካጠረ ብዙው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ትንሿ ሬዲዮ ግን ይህን ሞገድ የምትቀበለው በውስጧ ባለው ሽቦ በተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው። ተመዛዡን አንቴና ብንጎትተው ለውጥ የለም፤ ሬዲዮዋን ራሷን ማዞር ነው እንጂ።

«ይሄ የኢንጂነሮች ጉዳይ አይደል እንዴ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ አልስማማም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአካባቢው ሰው ከምንም በላይ ወሬ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መብራትና ስልክ ቢቋረጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ይቀራል። እኛ ግን የዜና መግቢያ እንዴት እንደሚጻፍ ለወራት እየተማርን፣ ዜናው አድማጩ ቤት እንዴት እንደሚገባ አንጠይቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ትምህርት ክፍላችን ለዚህ ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጠው። ጣቢያዎችም በሳምንት አንድ ደቂቃ ወስደው ለአድማጩ የትኛው ሞገድ በምን እንደሚሰማ ይንገሩት። ወጪ የለውም፤ ለቆላው አድማጭ ግን ትልቅ ነገር ነው።