ለጭንቀትም ሰዓት ይመደብለት

የመሥሪያ ቤት ሥራና የቤት ኃላፊነት በአንድ ላይ የሚጠብቃት እናት ሐሳቧ ለሁለት ይከፈላል። ከሥራ ገበታዋ ሆና «የልጄ ትኩሳት በርትቶ ይሆን?» ትላለች፤ ከቤቷ ስትገባ ደግሞ ሳያልቅ ያደረው ሥራ፣ የቤት ኪራይና የአስቤዛው ወጪ ያሳስባታል። ሌሊት ቤተ ሰቡ ሲያንቀላፋ እርሷ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ታነጋለች። ይህ በእርስዎም ላይ የደረሰ ከሆነ የደካማነት ምልክት ነው ብለው አይፈሩ።

ጭንቀት ሰውነታችን ከአደጋ እንድንጠበቅ የሚሰጠን ማስጠንቀቂያ ነው። ልብ በፍጥነት የሚመታውና ጡንቻ የሚገተረው ለመሸሽ ወይም ለመከላከል ስንዘጋጅ ነው። ችግር የሚሆነው አደጋው በሌለበትም ማስጠንቀቂያው አላቋርጥ ሲል ነው። ስለዚህ ጭንቀትን ጨርሶ ለማጥፋት ከመታገል ይልቅ ወሰን ማበጀቱ ይሻላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ቶማስ ቦርኮቬክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል ዘዴ አቅርበዋል። ይኸውም በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት መመደብ ነው። በሌላ ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ «በሰዓትህ እመለስብሃለሁ» ብሎ ወደ ያዙት ሥራ መመለስ ነው። ለምሳሌ ልጆቹ ሲያጠኑ እርስዎም እርሳስና ወረቀት ይዘው ይቀመጡ፤ የሚያሳስብዎትን ሁሉ ይጻፉ። ነገ ሊያደርጉት በሚችሉት ላይ ምልክት ያድርጉ። አልጋዎ ግን የእንቅልፍ እንጂ የሐሳብ ቦታ አይሁን።

ቡናንም ልብ ይበሉት። በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኙም ገና ከእርስዎ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ መጨዋወቱ ራሱ ሐሳብን ያቀላልና ጨዋታውን አይተዉ፤ ከአቦሉ በኋላ ቶናውንና በረካውን ይለፉት፤ ወይም ቡናውን ጧት ያፍሉት።

ጭንቀቱ በታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በሥራ መካከል ድንገት ከመጣ በአፍንጫዎ በዝግታ አየር ይሳቡ፤ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝመው ያውጡት። ይህን ለጥቂት ደቂቃ ሲደጋግሙት የልብ ምት ይረጋጋል።

ለአንዷ የሚስማማት ጸሎት፣ ለሌላዋ የእግር ጉዞ፣ ለሦስተኛዋ ጥጥ መፍተል ወይም ዳንቴል መሥራት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሳምንት እየሞከሩ የሚያዋጣዎትን ይምረጡ፤ ጎረቤትዎን የረዳ ሁሉ እርስዎን ላይረዳ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጭንቀቱ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ወይም በሕይወት የመኖር ፍላጎት ካሳጣ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ብዙዎች «አማኑኤል ሄደች» እንዳይባሉ ሲሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ይሁንና የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።