ምግብ ብቻውን አያድንም

ከአገር ቤት የድርቅ ወይም የጦርነት ወሬ በመጣ ቁጥር እኛ የሬኒየር ቫሊ ነዋሪዎች ገንዘብ እናዋጣለን፤ ዓላማውም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ለተራበ ሕፃን ምግብ። ዩኤስኤይድ በ2025 ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ የመዋጯችን ክብደት ጨምሯል። አሳቡ ቅን ቢሆንም ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ ወይም ወደ ደም በገባ ኢንፌክሽን ነው።

ረሃብ የሰውነትን መከላከያ ከማዳከም አልፎ የበሽታውን ምልክት ይደብቃል። ሌላው ሕፃን ሲታመም ያተኩሳል፤ ይህኛው ግን ላያተኩስ፣ እንዲያውም ገላው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ትኩሳት እስኪታይ የሚጠብቅ ሐኪም ይዘገያል። ሆስፒታል ለሚተኛ ሕፃን አንቲባዮቲክ ወዲያው እንዲጀመር የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው።

ክርክሩ ያለው ችግሩ ሳይወሳሰብ በተመላላሽነት በሚታከሙት ላይ ነው። በ2013 የታተመ የማላዊ ጥናት 2,767 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ አሞክሲሲሊን ከወሰዱት 4.8 በመቶ፣ ምንም አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት 7.4 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። በ2016 የወጣው የኒጀር ጥናት ግን በማገገም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። መድኃኒቱ ለሁሉም መታደሉ ተሕዋስያኑን ያላምዳል የሚሉ ወገኖች የኒጀሩን ይጠቅሳሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም መድኃኒቱን መተው የሚቻለው የባሰበትን ሕፃን በቶሎ ለይቶ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ዓይን ሲኖር ነው። ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ ሕክምናውን እስከ ጤና ኬላ አውርዳ ይህን ዓይን መሥርታ ነበር፤ በትግራይና በአማራ ግን ጦርነት ብዙውን አጨልሞታል። ዓይኑ በታወረበት ስፍራ መድኃኒቱን መንፈግ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሌላው ማስረጃ ከጎረቤታችን የመጣ ነው። እዚሁ ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኬንያ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሩት፣ በስድስት የአፍሪካና የእስያ አገሮች በተካሄደ ጥናት፣ ታመው ሆስፒታል ከገቡ ሕፃናት መካከል ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ያረፉት ከሆስፒታል ከተሸኙ በኋላ ነው። የክብደት መጨመር ብቻውን የመዳን ማረጋገጫ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕርዳታ ምሽት፣ ስንት ካርቶን አልሚ ምግብ ተገዛ ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እናስቀድም። ጤና ጣቢያው አሞክሲሲሊንና ጄንታማይሲን ሳይቋረጥ ያገኛል ወይ? ሌሊት ሕፃኑን የሚያሞቅና በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ የሚመግብ ነርስ አለ ወይ? ከተሸኘ በኋላስ ማን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየዋል? የነርስ አበልና የእናት የመሳፈሪያ ገንዘብ እንደ ካርቶን ክምር በፎቶግራፍ አያምሩም። ሕፃኑን ግን እስከ ልደቱ ቀን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው።