ሁለቱ ሕፃናት የት ገቡ?

የፈረንጆች ገና በመጣ ቁጥር ከሚታዩት የካርቱን ፊልሞች አንዱ፣ የዋልት ዲስኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «የሚኪ የገና መዝሙር» ነው። ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1843 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ስክሩጅ የሚባለውን ገብጋባ ባለጠጋ በገና ዋዜማ ሌሊት ሦስት መናፍስት እየመጡ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ያሳዩታል፤ በማግሥቱም ልቡ ተመልሶ ሰው ይሆናል።

«ይህ የልጆች ጨዋታ ለአሶሳ ምኗ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ቁም ነገር አለው እንላለን። የስክሩጅ ጸሐፊ ክራቺት በብርድ የረጋ ቀለሙን የሚያቀልጥባት ጥቂት ከሰል ይነፈጋል። ደመወዙ በቀን ሁለት ሺልንግ ሲሆን፣ የጌታውን ልብስ ስለሚያጥብ ግማሽ ፔኒ ተጨምሮለታል። ስክሩጅ ሲለወጥ ለክራቺት ልጆች አሻንጉሊት በማምጣት ብቻ አይወሰንም፤ የአባታቸውን ደመወዝ ይጨምራል፣ የሥራ ሸሪኩም ያደርገዋል። አሻንጉሊት የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ግን ዓመቱን ሙሉ እንጀራ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ከመጽሐፉ የተወው ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ለድኾች ርዳታ የሚለምኑ ሰዎች ሲመጡ፣ ስክሩጅ ወኅኒ ቤቱና የድኾች መጠለያው ተዘግቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ድኻው ቢሞትም ትርፉ ሕዝብ ይቀንሳል ይላል። ይህ በዚያን ዘመን የተማሩ ሰዎች በቁም ነገር የሚከራከሩለት አሳብ ነበር፤ በ1834 የወጣው የእንግሊዝ የድኾች ሕግም ችግረኛውን ወደዚያው መጠለያ የሚገፋ ነበር። ፊልሙ ግን ነገሩን በቀልድ ያልፈዋል፦ ድኻ ገንዘብ ካገኘ ድኻ መሆኑ ይቀራልና እናንተ ሥራ ትፈታላችሁ ይላቸዋል። ተመልካች ይሥቃል፤ ተከሳሹ አሳብ ግን ሳይፈረድበት ያመልጣል።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ በመጽሐፉ ከሁለተኛው መንፈስ ካባ ሥር የሚወጡት ሁለት የከሱ ሕፃናት በዚህ ፊልም ውስጥ አለመኖራቸው ነው። የወንዱ ስም ድንቁርና፣ የሴቷም ስም ችጋር ነው። መንፈሱም ከሁለቱ አብልጦ የሚያስፈራው ወንዱ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ያው ድርጅት በ2009 በሠራው ሌላ ፊልም ሕፃናቱ ተመልሰው ገብተዋል።

እኛ ዘንድ ግን ከቶ ወጥተው አያውቁም። በትምህርት ሰዓት የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ በአሶሳ መንገድ የሚዞረው ልጅ፣ በመተከል ግጭት ከቀየው የተፈናቀለው ልጅ፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ድንበር አቋርጦ የመጣው ልጅ፣ ሁሉም የነዚያ ሕፃናት ወንድሞች ናቸው። ምድራችን ወርቅ ታፈልቃለች፤ ወርቁን በእጁ ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ልጅ ፊደል ካልቆጠረ ግን ከስክሩጅ ካዝና በምን ተሻልን?

መልሱን ከፈረንጅ ፊልም መበደር አያስፈልገንም፤ በጎረቤቶቻችን በዓል ውስጥ አለ። ሙስሊሙ ዘካተል ፊጥርን ከዒድ ሶላት በፊት ይሰጣል፤ ድኻውም እንደ ሰው በዓሉን እንዲውል የታዘዘ ግዴታ ነው። ክርስቲያኑም ገናን የሚያከብረው የነቢያትን ጾም ጾሞ ነው፤ አባቶችም ከጾመኛ የተረፈው ምግብ የተራበው ድርሻ ነው ብለው ያስተምራሉ። በሁለቱም ሥርዐት ድኻው ከድግሱ ይቀድማል። ስክሩጅ የነቃው በበዓሉ ጧት ነበር፤ የእኛ ሥርዐት ግን ቀድመን እንድንነቃ ያዘናል።

ስለዚህ ለበዓል ሳንቲም አዋጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ከመለያየት ይልቅ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ማታ ለከተማው ልጆች ፊደልና ሒሳብ እናስተምር፤ በርታኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም ሽናሽኛ የሚናገሩ ጓደኞቻችን አፉን በዚያው ቋንቋ ለፈታው ሕፃን ከሁላችን የተሻሉ መምህራን ናቸውና ይቅደሙ። ሁለተኛ፣ ምግባችንን የሚያበስሉልን፣ መኝታ ቤታችንን የሚጠርጉልን ሠራተኞች ስንት እንደሚከፈላቸው እንጠይቅ፤ መልሱ ካሳፈረንም ዝም አንበል። መምህሮቻችንም በዚህ እንዲመሩን እንለምናለን።

ሁለቱን ሕፃናት ከፊልም መቁረጥ ይቻላል። ከአሶሳ መንገድ የሚያወጣቸው ግን ትምህርትና ፍትሐዊ ደመወዝ ብቻ ነው።