ቆጣሪውን ማንበብ ወንጀል አይደለም

ቃሊቲ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን እስር ቤቱ ነው። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስማቸውን ያወጡት ከዚያው ነው፤ ግቢው በስምንት ዞኖች ስለተከፈለ፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለነው ሁላችንም ነን ለማለት። በሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በሐምሌ የሽብር ክስ ሲቀርብባቸው «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ ሥልጠና መውሰዳቸውም እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ይሄ እንግዲህ ስለ ይለፍ ቃል አያያዝና ኮምፒውተርን ስለመጠበቅ የሚያስተምር፣ ማንም በነጻ የሚያገኘው መመሪያ ነው።

የአምስቱ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። የጸረ ሽብር አዋጁም በ2012 በሌላ ተተካ። «ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው» የሚለው ጥርጣሬ ግን ዛሬም አብሮን አለ።

የመብራት ቆጣሪውን የሚያነብ ሰው ግን ሌባ አይባልም። ኮምፒውተርም ቆጣሪ አለው። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ኔትሆግስ»ን ብታስነሱ፣ የትኛው ፕሮግራም በሰከንድ ስንት ኪሎባይት እንደሚበላ ይዘረዝርላችኋል። ጥቅሉ ሳይታሰብ ሲያልቅ ማንንም ከመውቀሳችን በፊት በላተኛውን እንወቅ፤ ብዙ ጊዜ ሳናዘው የሚወርድ ማሻሻያ ሆኖ ይገኛል። «ኤስኤስ» የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደተገናኘ ያሳያል። «ቲሲፒደምፕ» ደግሞ የሚወጣውንና የሚገባውን እያንዳንዱን ጥቅልል መረጃ ከነመነሻው፣ ከነመድረሻውና ከነመጠኑ ይጽፋል። ይዘቱ የተመሰጠረ ቢሆን እንኳ መድረሻው ይታያል።

መድረሻውን ማወቅ ምን ያደርጋል ለሚል ይህን ላስታውስ። በመጋቢት 2005 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ፣ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ የሚገናኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነበር። ሰላይ የሰረቀውን ካላደረሰ ሰላይ አይሆንም፤ ለማድረስ ደግሞ በመስመሩ ማለፍ አለበት። እርግጥ ነው፣ ብልህ ሰላይ በገባበት ኮምፒውተር ላይ ራሱን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ የሚሻለው ኢንተርኔቱን በሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር በኩል አሳልፎ ከዚያ ሆኖ ማየት ነው።

ወሰንም አለው። በዚሁ መሣሪያ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት የደንበኞቹን ግንኙነት ቢጠልፍ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠይቀዋል፤ ሊጠይቀውም ይገባል። የራስን ቆጣሪ ማንበብ ሌላ፣ የጎረቤትን መስመር መጥለፍ ሌላ።

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ከታይፕና ከኤክሴል ጋር እነዚህን ሦስት ትእዛዞችም ቢማሩ እላለሁ። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ። ዜጋው ቤቱ ውስጥ ያለውን ማሽን ማን እንደሚያዝበት ቢያውቅ የሚጎዳው ሰላዩን ብቻ ነው።