የጅቡቲ ፍራንክና የእኛ ብር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በጋዜጣዎ ዐምድ ጥቂት ስፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት በድሬዳዋ ስለ ገንዘብ ሳስተምር፥ እናቱ ከጅቡቲ ዕቃ እያመጡ የሚነግዱ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፥ ጅቡቲ እርሻ የላት፥ ወንዝ የላት፤ ገንዘቧ ስለ ምን ከእኛ ይልቅ ጸና?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ አጥጋቢ ስላልነበረ ማታ ቤቴ ገብቼ አሰብሁበት።

ፈረንሳዮች በ1941 ዓ.ም. ለዚያች ትንሽ ግዛታቸው የራሷን ፍራንክ ሲያቆሙ የገንዘብ ቦርድ የሚባለውን ሥርዓት አበጁ። ይኸውም ዶላር ገቢ ሳይሆን ፍራንክ አይወጣም፤ ፍራንክ ይዞ የመጣም በተቆረጠው ዋጋ ዶላር ይቀበላል። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም ሥርዓቱን አልጣለችውም። እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም፤ ጠላት ከወጣ በኋላ፥ በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ብር እስኪወጣ ድረስ፥ በገበያችን ይዞር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በሎንዶን ተቀምጦ ከነበረ እንዲሁ ካለ ቦርድ የሚወጣ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በእኛ 2 ብር ከ7 ሳንቲም፥ በጅቡቲ 177.721 ፍራንክ ሆነ። አንድ ብር 86 ፍራንክ ያህል ያወጣ ነበር ማለት ነው። የጅቡቲው ቁጥር እስከ ዛሬ ያው ነው። በእኛ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ስለ ተለቀቀ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ አንድ ብርም ሁለት ፍራንክ እንኳ አይሞላ። ይህን በማግሥቱ በሰሌዳ ላይ ስጽፈው ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ደመወዝተኛ ነኝና ዝም አልሁ።

እንግዲያስ እኛም ቦርድ እናቁም የሚል ቢነሣ አልስማማም። ጅቡቲ የምትኖረው በወደብ ነው፤ እኛ ግን ቡና ሲረክስ ዶላር የሚነጥፍብን ሰፊ አገር ነን። በእንዲህ ያለ ዓመት ብሩም አብሮ ቢደርቅ ገበሬው ማዳበሪያ በምን ይገዛል? ነገር ግን ቦርድ ባለበት አገር መንግሥት የበጀቱን ጉድለት ገንዘብ በማሳተም ሊሞላ አይችልም። የፍራንኩ የጽናት ምስጢር፥ በእኔ አስተያየት፥ ከዶላሩ ይልቅ ይኸው ነው።

ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ምን ያህል ብር እንዳወጣ፥ ምን ያህል ወርቅና የውጭ ገንዘብ እንደ ያዘ፥ ለመንግሥትም ምን ያህል እንዳበደረ በየወሩ በዚሁ ጋዜጣ በሦስት መስመር ቢነገረን ምን ይከፋል? ለባለሙያዎች በእንግሊዝኛ የሚታተም መጽሔት መኖሩን አውቃለሁ፤ ቡና እየጠጣ የሚያነበው የቢሮ ሠራተኛ ግን የለም። ቢወጣ ቆርጬ በክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፥ ከድሬዳዋ